ከግሸን እስከ ደብረ ብርሃን፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የሰማይ ምልክት

በወሎ፣ በአምባሰል፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው አንድ አምባ አለ። ቅርጹ እንደ መስቀል ነው፤ መውጫውም አንድ በር ብቻ ነው። ስሙን ግሸን ደብረ ከርቤ ይሉታል። ዛሬ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን የሚሰበሰብበት የበዓል ስፍራ ነው። ከ13ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ እስከ 1540 ድረስ ግን ግሸን ወህኒ ነበር። ታሳሪዎቹም ወንበዴዎች ሳይሆኑ የነገሥታት ልጆች ነበሩ፤ ጥፋታቸውም ከንጉሥ መወለዳቸው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወህኒ ወጥተው ከነገሡት ሁሉ እንደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስሙ የገነነ የለም። የእኚህን ንጉሥ ሕይወት ለዚህ መጽሔት የመረጥንበት ምክንያትም አለን። የገና በዓል በቀረበ ቁጥር በመካከላችን አንድ ክርክር ይነሣል። ሰብአ ሰገልን እየመራ ቤተ ልሔም ያደረሳቸው ኮከብ ምን ነበር? ከእኛ መካከል ሳይንስ የሚያጠናው ወገን፣ ሁለት ዘዋሪ ከዋክብት (ፕላኔቶች) በአንድ ስፍራ ተገናኝተው ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ተአምርን በስሌት መመርመር ሃይማኖትን መድፈር ነው ይላል። ክርክሩ ሲሰሙት የሩቅ አገር ነገር ይመስላል። ነገር ግን በአገራችንም በሰማይ ብርሃን ስም የተሰየመ ከተማ አለ፤ እርሱም ደብረ ብርሃን ነው። ያንን ብርሃን የተረጐሙት ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን ከቤተ ልሔም ሳይሆን ከቤታችን ብንጀምረው ይሻላል ብለን አሰብን። ሌላ አቆጣጠር ካልጠቀስን በቀር፣ ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 በፈጠጋር ጥልቅ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። ገና ልጅ ሳሉ ከቤተ መንግሥት ሽኩቻ እንዲርቁ ተደርጎ በአክሱምና በሽሬ በሚገኘው በደብረ ዓባይ ገዳም እንደ ተማሩ ይነገራል። በኋላ ግን የንጉሥ ልጅ መሆናቸው አልቀረላቸውምና ወደ ግሸን አምባ ተወሰዱ። በዚያም ሃያ ዓመት ያህል ተቀመጡ። የጉልምስና ዘመናቸው ሁሉ በአንድ አምባ ላይ አለቀ ማለት ነው።

አንድ ሰው ሃያ ዓመት በዚያ ከፍታ ላይ ተዘግቶ ሲኖር በዙሪያው ምን ይኖረዋል? ገደል፣ ጸሎት፣ መጽሐፍ፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሰማይ። የዘርዐ ያዕቆብ ትምህርት ቤት ይህ ነበር። በመንግሥት ሥራ ላይ ልምድ አልነበራቸውም፤ በመጽሐፍ ግን የበረቱ ነበሩ።

በ1429 ዐፄ ይስሐቅ ሲሞቱ በአገሪቱ ላይ ታላቅ ሁከት ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት በዙፋኑ ላይ ተፈራረቁ። በ1434 መኳንንቱ ወደ ግሸን ልከው፣ የሠላሳ አምስት ዓመቱን ታሳሪ ከአምባው አውርደው አነገሡት። ከሁለት ዓመት በኋላም በ1436 በአክሱም ጽዮን በጥንቱ ሥርዐት ዘውድ ጫኑ። ከዚያም እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠላሳ አራት ዓመት ገዙ።

በእነዚህ ሠላሳ አራት ዓመታት የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። በ1445 ማለቂያ ላይ የአዳሉን ሱልጣን አሕመድ በድላይን ጎሚት በተባለው ስፍራ ድል አደረጉ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስበው፣ ብዙ ዘመን መነኮሳትን ሲከፋፍል የኖረውን የሰንበት ክርክር ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ በማድረግ አስማሙ። በዚያው ዓመት ወደ አራጎን ንጉሥ ወደ አልፎንሶ መልእክተኞች ላኩ። የእመቤታችን በዓላት ሠላሳ ሦስት ሆነው እንዲከበሩና ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አዘዙ። በስማቸው የሚጠሩ መጻሕፍትም አሉ፤ ከእነርሱም መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የታወቁ ናቸው። መጽሐፈ ሚላድ ስሙ እንደሚያመለክተው የጌታን ልደት የሚመለከት ነው። ስለ ልደት ይህን ያህል የተጨነቁ ንጉሥ፣ ልደትን ስላበሰረው ኮከብ ሳያስቡ ኖሩ ለማለት አይቻልም።

ስለ ግሸንም በቤተ ክርስቲያን የሚነገረው ታሪክ እንደሚከተለው ነው። አባታቸው ዐፄ ዳዊት የጌታን ግማደ መስቀል ከግብፅ ተቀብለው ሲመለሱ ስናር ላይ ዐረፉ። ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ ጊዜ ቅርሱን ከስናር አስመጡት፤ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩም በሕልም ታዘዙ። የሕልሙ ትርጓሜ ግን በቶሎ አልተገለጠላቸውም። መስቀለኛ የሆነውን ስፍራ ለማግኘት አገሩን ሁሉ ዞሩ። በመጨረሻ ያገኙት ስፍራ ግሸን ሆነ። በግሸን የሚገኘው መጽሐፈ ጤፉትም ይህንኑ ታሪክ የሚተርክ ነው። እስቲ አንባቢ ይህን ያስተውል፤ ንጉሡ በየአገሩ የፈለጉት መስቀል፣ ሃያ ዓመት ታስረው የኖሩበት የእግራቸው መሬት ነበር። የታሰሩበትንም ስፍራ ከማፍረስ ይልቅ አከበሩት። በሕይወታቸው ውስጥ ከተረጐሟቸው ምልክቶች ሁሉ በጎው ይህ ነው ብንል አንሳሳትም።

ሁሉም ትርጓሜያቸው ግን እንዲህ አልነበረም።

ዘርዐ ያዕቆብ ሃይማኖቱ አንድ የሆነ መንግሥት ለማቆም ቆርጠው የተነሡ ሰው ነበሩ። ጠንቋይና አስማተኛን አጥብቀው አሳደዱ። ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የካደበትንና ለማርያም የተገዛበትን ቃል በእጆቹ ላይ እንዲይዝ አዘዙ፤ እምቢ ያለ ይቀጣ ነበር። በዚያን ዘመን ከትግራይ የተነሡ፣ በአባ እስጢፋኖስ ስም ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኮሳት ነበሩ። እነርሱም ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ስለሚያምኑ ለንጉሥም፣ ለእመቤታችን ሥዕልም፣ ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። ንጉሡም ይህን እንደ ክሕደትም እንደ ዐመፅም ቈጠሩት። መነኮሳቱ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ከእነርሱ ብዙዎቹ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የንጉሡ ዜና መዋዕል ይተርካል። መነኮሳቱ በተወገሩ በ38ኛው ቀን፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በመስቀል በዓል፣ ከሰማይ ብርሃን ታየ። ብርሃኑም አንድ ሌሊት ታይቶ የጠፋ አልነበረም፤ በአገሩ ሁሉ ለብዙ ቀናት ታየ። ንጉሡም ይህን ብርሃን እግዚአብሔር ፍርዴን ወደደው ሲሉ ተረጐሙት። ስፍራውን ደብረ ብርሃን ብለው ሰየሙት፤ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፤ ቤተ መንግሥትም ጨመሩበት። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚዘዋወሩ ነበሩ። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከመጨረሻዎቹ አሥራ አራት ዓመታቸው አሥራ ሁለቱን በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። የአንድ ሰማያዊ ብርሃን ትርጓሜ የመንግሥትን መቀመጫ እስከ መወሰን ደረሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ያ ብርሃን ምን ነበር?

የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት የሰጡት ግምት አለ። በ1456 ዓለም ሁሉ ያየው አንድ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ነበር፤ ምናልባት የደብረ ብርሃን ብርሃን እርሱ ይሆናል የሚል ነው። ይህ ኮከብ ዛሬ በእንግሊዛዊው ሊቅ በኤድመንድ ሃሊ ስም ይጠራል። ሃሊ በ1705 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታዩት ጅራታም ኮከቦች ሦስት ሳይሆኑ በየሰባ አምስትና ሰባ ስድስት ዓመት የሚመለስ አንድ ኮከብ መሆናቸውን በስሌት አሳየ፤ በ1758ም እንደሚመለስ ተነበየ። እርሱ በ1742 ሞተ፤ ኮከቡ ግን ቀጠሮውን አክብሮ በ1758፣ በፈረንጆቹ የልደት በዓል ሌሊት፣ እንደ ገና ታየ። ከዚያ ወዲህ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1986 ነው፤ የሚመለሰውም በ2061 ነው።

ግምቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ መልካም ግምት ሁሉ እውነት አይሆንም። ጅራታም ኮከቡ በ1456 በዐይን የታየው በግንቦት ማለቂያና በሰኔ ነው። የእኛ ትውፊት ደግሞ ብርሃኑ ታየ የሚለው በመጋቢት 10 ወይም በሚያዝያ 13 ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት የሳምንታት ነው። ስለዚህ ወይ ቀኑ በኋላ ከበዓል ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ተጽፏል፣ ወይም ብርሃኑ ሌላ ነገር ነበር። ሳይንስን የምንወድ ሁሉ ደስ የሚያሰኘንን መልስ ስናገኝ ቀኑን መቍጠር መርሳት የለብንም። ያለ ማስረጃ ማመን በሃይማኖት ሰዎች ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለምና።

የቤተ ልሔሙም ኮከብ ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1603 ማለቂያ ላይ ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በፕራግ ሆኖ መሽተሪና ዙሐል፣ ማለት ጁፒተርና ሳተርን፣ በሰማይ ሲቀራረቡ አየ። በተከታዩ ዓመትም መሪኅ (ማርስ) ተጨመረ፤ በአካባቢውም አዲስ ኮከብ በራ። ኬፕለር ወደ ኋላ ቢያሰላ፣ ከዘመነ ክርስቶስ በፊት በ7ኛው ዓመት እነዚሁ መሽተሪና ዙሐል ሑት (ዓሣ) በሚባለው የሰማይ ክፍል ሦስት ጊዜ እንደ ተገናኙ አገኘ። ጌታ የተወለደው ሄሮድስ ሳይሞት ነው፤ ሄሮድስም በብዙ ሊቃውንት ስሌት የሞተው ከዘመነ ክርስቶስ በፊት በ4ኛው ዓመት ነው። ስለዚህ ዘመኑ ይቀራረባል። ኬፕለር ራሱ ግን መገናኘቱ ራሱ ኮከቡ ነው አላለም፤ የአዲስ ኮከብ መብራት ቀዳሚ ምልክት ይሆናል ብሎ አሰበ እንጂ።

ሁለቱ ዘዋሪዎች በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ የሚገናኙት እንዴት ነው? መሽተሪ ፀሐይን በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይዞራታል፤ ዙሐል ደግሞ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ገደማ። ስለዚህ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በየሃያ ዓመቱ ያህል ይደርስበታል። ምድራችን ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ፈጣን ናት። በበቅሎ የሚጋልብ ሰው በእግር የሚሄደውን ሲያልፈው፣ እግረኛው በሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚሁም ምድር ስታልፋቸው ሁለቱ ዘዋሪዎች ወደ ኋላ የተመለሱ ይመስላሉ። ይህ በመገናኛቸው ሰሞን ሲሆን፣ ወደ ፊት ሲሄዱ አንድ ጊዜ፣ ሲመለሱ አንድ ጊዜ፣ እንደ ገና ሲቀኑ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ።

በዚህም ግምት ላይ መቃወሚያ አለ። በዚያ ዓመት ሁለቱ እጅግ በተቀራረቡ ጊዜ እንኳ በመካከላቸው ሁለት ሙሉ ጨረቃ የሚያሰልፍ ክፍተት ነበር። አንድ ኮከብ መስለው አልታዩም። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት የተቀራረቡት ከዚያ በዐሥር እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ በራሳቸው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1464፣ መሽተሪና ዙሐል በዚያው በሑት ተገናኝተው ነበር። በሊዝበን የተወለደው አይሁዳዊው ሊቅ ይስሐቅ አብራባኔል ያን መገናኘት የመሲሕ መምጫ ምልክት አድርጎ በኋላ በ1497 ጻፈ። ያው ሰማይ በደብረ ብርሃንም ላይ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያ መገናኘት የተሰየመ ደብር በአገራችን አናውቅም።

የሃሊም ኮከብ ከቤተ ልሔም ጋር ተያይዟል። ይኸው ኮከብ ከዘመነ ክርስቶስ በፊት በ12ኛው ዓመት ታይቶ ነበርና የሰብአ ሰገል ኮከብ እርሱ ነው የሚሉ አሉ፤ ምንም እንኳ ዓመቱ የቀደመ ቢመስልም። በ1301 በታየ ጊዜ ያዩት ሰዎች መካከል ነው ተብሎ የሚታመነው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቶ፣ በፓዶቫ የሰብአ ሰገልን ስግደት ሲሥል በበረቱ ላይ ጅራታም ኮከብ አደረገ። እንዲህ ከሆነ፣ ግምቶቹ ሁለቱም እውነት ቢሆኑ፣ የቤተ ልሔምና የደብረ ብርሃን ብርሃን አንድ ይሆናሉ ማለት ነው። እርግጠኛ ግን አይደለንም።

በእርግጥ የምናውቀው ሌላ ነገር ነው። በ1456 ያ ኮከብ በሰማይ ሳለ ቱርኮች ቤልግሬድን ለመያዝ ይዘምቱ ነበር። በአውሮፓ ብዙ ሰው በድንጋጤ ጸሎት ያዘ፤ በፍሎረንስ ቶስካኔሊ የተባለ ሊቅ ደግሞ ቦታውን በየሌሊቱ ይመዘግብ ነበር። ኮከቡ አንድ ነው፤ አንዱ ፍርሃቱን አነበበበት፣ አንዱ ልኩን።

በወንጌልም የምናገኘው ይህንኑ ነው። ስለ አንዱ ኮከብ ሰብአ ሰገልም ሰሙ፣ ሄሮድስም ሰማ። ሰብአ ሰገል ኮከቡን አይተው ከአገራቸው ወጡ፤ ስጦታም ይዘው ሰገዱ። ሄሮድስ ግን ስለ ኮከቡ ዘመን ጠይቆ ከተረዳ በኋላ የቤተ ልሔምን ሕፃናት አስፈጀ። የኮከቡን ጊዜ በጥንቃቄ የመረመረው እርሱ ነበር። ስለዚህ ልዩነቱ ከዕውቀት ማነስ አልመጣም፤ ከልብ መጣ እንጂ።

እኛም ዘርዐ ያዕቆብን ከሄሮድስ ጋር አናስተካክልም። እንዲህ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ንጉሡ በሃይማኖታቸው የጸኑ፣ ለአገራቸው አንድነት የደከሙ ሰው ነበሩና። ነገር ግን የተወገሩት መነኮሳት ደም ሳይደርቅ የታየውን ብርሃን ለራሳቸው ፍርድ ምስክር አደረጉት። ብርሃኑ የንጉሡ ምስጋና ከሚሆን ይልቅ የሟቾቹ ምስክር ሊሆን አይችልም ነበርን? ከሰማዩ ውስጥ አንዱን ትርጓሜ ከሌላው የሚያስመርጥ ምንም ነገር አልነበረም። ምርጫው የንጉሡ ነበር።

ምርጫውም ሰላም አልሰጣቸውም። በደብረ ብርሃን ሳሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆቻቸው ደስክና ዲኖ የተባሉ ጣዖታትን አመለኩ ተብለው ተከሰሱ፤ በግርፋት የሞቱም ነበሩ። በ1462 የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ልጇን ለማንገሥ ዶለተች ተብላ ተገርፋ ሞተች። በኋላ አባትና ልጅ ታረቁ፤ በእደ ማርያምም አልጋ ወራሽ ሆኑ። በ1468 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን አልጠፉም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳማቸው የሰማዕታቶቻቸውን ገድል ጽፈው አቆዩልን። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ከንጉሡ ወገን ብቻ ሳይሆን ከተወገሩትም ወገን ለማንበብ ችለናል።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚተርፈን ምንድር ነው? የኮከብን መንገድ ማስላት ይቻላል፤ ማስላትም ይገባል። ሃሊ ሳይኖር የሚመጣውን ኮከብ ነገረን፤ ይህም ታላቅ የአእምሮ ሥራ ነው። ስሌቱን እንደ ድፍረት የሚቈጥር ወገናችን ይህን ይገንዘብ። ስሌቱ ነገሩን ሁሉ ጨረሰው የሚለው ወገናችን ደግሞ፣ ብርሃኑ ጅራታም ኮከብ ነበር ብሎ ማረጋገጥ የተወገሩትን ሰዎች ጥያቄ እንደማይመልስ ይገንዘብ። ብርሃኑ ምን ነበር የሚለው የሰማይ ጥያቄ ነው፤ በብርሃኑ ስም ምን ተሠራ የሚለው ግን የሰው ጥያቄ ነው።

ግሸንም ራሱ ይህን ያስተምረናል። አምባውን መስቀለኛ አድርጎ የቀረጸው ዝናብና ጎርፍ እንደ ሆነ፣ ድንጋዩም ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከምድር ሆድ ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ እንደ ሆነ የምድር ጥናት ይነግረናል። ይህን ማወቅ መስከረም 21 ቀን አቀበቱን የምትወጣውን እናት ከመንገዷ አይመልሳትም፤ ሊመልሳትም አይገባም። አንድ ታሳሪ ልዑል በዚያ አምባ ላይ ሃያ ዓመት ሰማዩን አየ። ንጉሥ በሆነ ጊዜ ከሰማይ ያነበበው አንዱ ምልክት የታሰረበትን ስፍራ የምሕረት ስፍራ አደረገው፤ ሌላው ምልክት ደግሞ የሞቱትን ሰዎች ደም ሸፈነበት። ሰማዩ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር። እኛም ነገ በትምህርታችን ብርሃን የሆነ ነገር ስናገኝ፣ ምንነቱን ከመረመርን በኋላ፣ በማን ላይ ልንመሰክርበት እንደ ተነሣን ራሳችንን እንጠይቅ።